የፍሬን መብራት ስዊች፦ ከመቀየራችሁ በፊት እንዲህ ፈትሹት

የአውቶማቲክ መኪና ማርሽ ከፒ (ከፓርኪንግ) አልወጣ ካለ፣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ሞተ ብላችሁ ከመደንገጣችሁ በፊት አንድ ሰው ከኋላ አቁሙና ፍሬን እርገጡ። መብራቱ በራ? ካልበራ ችግሩ ያለው ካምቢዮው ጋ ሳይሆን ከእግራችሁ በላይ፣ አውራ ጣት በምታህል አንዲት ዕቃ ውስጥ ሊሆን ይችላል። የእኔ መኪና ያመማት እዚያ ነበር። ሞተሩ ይነሳል፣ ሌላው ነገር ሁሉ ሰላም ነው፣ ማርሹ ግን ወይ ፍንክች። ከዚያ በፊት ክሩዝ ኮንትሮሉ (ፍጥነቱን ራሱ የሚጠብቀው) አልይዝ ብሎ ሰንብቷል፤ ዳሽቦርዱ ላይም የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) መብራት አልፎ አልፎ እየበራ ይጠፋ ነበር። ሦስቱ ነገሮች ሲታዩ ምንም አይገናኙም። ግን ሦስቱም የሚጠብቁት አንድ መልእክት ነው፤ ሹፌሩ ፍሬን ረግጧል የሚለውን። ያንን መልእክት የሚያደርሰው ደግሞ የፍሬን መብራት ስዊች ነው።

በቁልፍ ሳይሆን በማስነሻ በተን የሚነሱት መኪኖች ላይ ነገሩ ይብሳል። ፍሬን ካልተረገጠ አይነሱም፣ ስዊቹ ከሞተ ደግሞ የቱንም ያህል ብትረግጡ መኪናው አልተረገጠም ባይ ነው። ሰው ባትሪ ይቀይራል፣ የሪሞቱን ባትሪ ይቀይራል፣ ከዚያ መኪናው በጎታች ይወሰዳል። ሁሉም ከዚህች ትንሽ ነገር በኋላ መታየት የነበረባቸው ናቸው።

ሥራዋ ቀላል ነው። ከፍሬን ፔዳሉ ክንድ ጫፍ አጠገብ ብረት ላይ ታስራ ትቀመጣለች። ፊቷ ላይ በሞላ የሚገፋ ትንሽ ፒን አለ። ፔዳሉ ሳይረገጥ ክንዱ ፒኑን ወደ ውስጥ ገፍቶ ይይዘዋል፣ ያኔ መብራት የለም። ስትረግጡ ክንዱ ይርቃል፣ ፒኑ ይወጣል፣ ውስጥ ያሉት መዳቦች ይገናኙና ኃይሉ ወደ ኋላ መብራቶች ይሄዳል። የፍሪጅ በር ላይ ያለውን የመብራት ስዊች አስቡት፣ እሱው ነው። ብዙ ሰው ግን ግልብጥ አድርጎ ነው የሚያስበው፤ ፔዳሉ ስዊቹን የሚጫነው ሲረገጥ ይመስለዋል። ይሄን አቅጣጫ አሁን ካልያዛችሁ በኋላ በሜትር ስትለኩ ጤነኛውን የሞተ፣ የሞተውን ጤነኛ ትላላችሁ።

ሁሉም መኪና ግን እንዲህ አይደለም። እንደ ፎልክስዋገን ቢትል ያሉ የድሮ መኪኖች ላይ ስዊቹ የፍሬን ማስተሩ ላይ ተጠምዶ በዘይት ግፊት ነው የሚሠራው። አንዳንድ አዳዲሶቹ ላይ ደግሞ መዳብ የሚነካካበት ነገር የለም፤ ማግኔት የሚያነብ ሴንሰር ነው፣ ኮምፒውተሩም ከእሱ ላይ አንብቦ መብራቱን ራሱ ያበራል። እኔ የማወራው በመሀል ስላሉት ነው፣ መንገድ ላይ የሚበዙት እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ሥራ። ግን ገና ፔዳል ሥር አትግቡ። መጀመሪያ መብራቶቹ ምን እያሉ እንደሆነ እዩ፣ ግማሹን መልስ እነሱ ይሰጧችኋል።

አንዱ ብቻ ከጠፋ አምፖል ነው፣ ወይም የአምፖሉ ቤት። ሁለቱ የታችኞቹ ጠፍተው ከላይ መስታወቱ ጋ ያለው ሦስተኛው ከበራ፣ በአብዛኛው መኪና ላይ ስዊቹ ደህና ነው ማለት ነው። ኃይል ባያሳልፍ ኖሮ ሦስተኛውም አይበራም። ሁለት አምፖል በአንድ ጊዜ አይቃጠልም ብላችሁ አትከራከሩ፤ አንዱ ቀድሞ ተቃጥሎ ማንም ሳያየው ከርሞ ነው ሁለተኛው የሚከተለው። ሦስቱም ከጠፉ ግን ወይ ፊውዝ ነው፣ ወይ ስዊች ነው፣ ወይ በመሀል ያለ ሽቦ ነው። እና ደግሞ አልጠፋም የሚል መብራት አለ፣ መኪናው ቆሞ ተቆልፎም ቀይ ሆኖ የሚያድር፤ እሱ የራሱ ታሪክ አለው፣ እመለስበታለሁ።

ከኋላ የሚያይላችሁ ሰው ከሌለ ሲመሽ ግድግዳ አስጠግታችሁ አቁሙና በመስታወት እዩት። ፍሬን ስትረግጡ ግድግዳው ቀይ ካልሆነ አልበራም ማለት ነው። በቀን ከሆነ ስልካችሁን ከኋላ ደግፋችሁ ቪዲዮ ቅረጹ። እኔ ፔዳሉን ረግጦ የሚይዝልኝ ሰው ሳጣ እንጨት በወንበሩና በፔዳሉ መሀል ወጥሬ ነው የምሠራው። ወንበሩን ትንሽ ወደፊት ገፋ ታደርጉና ትወጥሩታላችሁ፣ ሁለቱም እጃችሁ ነፃ ይሆናል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

አምፖሉን ስታወጡ ክሩን ብቻ አትዩ። ብዙዎቹ የኋላ አምፖሎች ሁለት ክር አላቸው፤ 5 ዋቱ ለማታ መብራት፣ 21 ዋቱ ለፍሬን። ማታ የሚበራው ደህና ስለሆነ አምፖሉ ደህና ነው ማለት አይቻልም። ጎኑ ላይ ያሉት ሁለት ጉጦች ከፍታቸው እኩል አይደለም፣ በትክክለኛው ጎን ብቻ እንዲገባ ተብሎ ነው። በጉልበት አዙሮ ያስገባው ሰው ካለ የፍሬኑና የማታው መብራት ይቀያየራሉ። ቤቱን ደግሞ እዩት፦ አረንጓዴ ዝገት ካለ፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ ከሆነ፣ የታችኛው መዳብ ወደ ውስጥ ሰምጦ ከሆነ፣ አዲስ አምፖል ብቻውን አያድናችሁም።

ቀጥሎ ፊውዝ። ሳጥኑ ክዳን ላይ ስቶፕ ተብሎ የተጻፈውን ፈልጉ፣ ብዙ ጊዜ 10 ወይም 15 አምፔር ነው። መንቀል እንኳ ላያስፈልግ ይችላል። የፊውዙ ራስ ላይ ሁለት ትናንሽ ብረቶች ብቅ ብለው ይታያሉ፤ ቴስተሩን (ሹል ጫፍና ትንሽ አምፖል ያለውን መፈተሻ) ማሳ (የመኪናውን ባዶ ብረት) አስይዛችሁ ሁለቱንም ንኩ። ሁለቱም ካበሩ ፊውዙ ደህና ነው። አንዱ ብቻ ካበራ ተቃጥሏል። ሁለቱም ካላበሩ ቁልፉን ከፍታችሁ ደግማችሁ ሞክሩ፤ ያም ካልሆነ ኃይሉ እዚያ ሳይደርስ ነው የቀረው። በአንዳንድ መኪና ክላክሱም በዚሁ ፊውዝ ነው የሚሠራው። የፍሬን መብራትና ክላክስ አብረው ከጠፉ ስለ ስዊች ማሰብ ትታችሁ ፊውዙ ጋ ሂዱ። አዲስ ፊውዝ ስታስገቡ ወዲያው ከተቃጠለ ከፍ ያለ አምፔር አታስገቡ። ሽቦ የሆነ ቦታ ማሳ እየነካ ነው፤ ትልቅ ፊውዝ ካስገባችሁ የሚቃጠለው ፊውዙ ሳይሆን ሽቦው ይሆናል።

በእኔ መኪና ፊውዙ በሁለቱም በኩል አበራ፣ ሦስቱም መብራት ግን ጨለማ። ስለዚህ ወደ ታች።

ይሄኛው ክፍል ወገብ ይፈልጋል። የሹፌሩን ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ግፉት፣ ምንጣፉን አውጡ፣ በጀርባችሁ ተኝታችሁ ራሳችሁን ፔዳሎቹ ሥር አስገቡ። ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ካላችሁ ዛሬ ነው ጥቅሙ። ከዚያ በዓይን አትፈልጉ፤ በእጃችሁ የፍሬን ፔዳሉን ክንድ ይዛችሁ ወደ ላይ ተከተሉት። ክንዱ ከሚንጠለጠልበት ዘንግ አካባቢ ሽቦ የገባበት ሶኬት ይነካችኋል። እሱ ነው። ካልገባችሁ ስልኩን ወደ ላይ አስገብታችሁ በፍላሽ ፎቶ አንሱ፣ ከመተኛት ይሻላል። አንዳንድ መኪና ላይ ከመሪው ሥር ያለውን የፕላስቲክ ሽፋን ማውረድ የግድ ነው።

እዚያ ውስጥ ቢጫ ሽቦ ወይም ቢጫ ሶኬት ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ፣ የኤርባግ ነው። አትንቀሉ፣ አትውጉ፣ ቴስተር አታስነኩ። ማንዋል ማርሽ ከሆነ ደግሞ ፍሪሲዮኑ ላይም ተመሳሳይ ስዊች ይኖራል፤ ጎን ለጎን ስለሆኑ መሳሳት ቀላል ነው። በአንድ የፍሬን ፔዳል ላይ ሁለት ስዊች ያላቸውም አሉ፣ አንዱ ለመብራት፣ አንዱ ለኮምፒውተሩ። እንግዲህ ሽቦውን ማየት ነው።

ሶኬቱን ከመንካታችሁ በፊት ወለሉን እዩልኝ። ከምር። ምንጣፉን ስታወጡ የተሰባበረ ፕላስቲክ ወይም ጎማ፣ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ወይም ነጭ ፍርፋሪ ካገኛችሁ ሥራችሁ ሊያልቅ ነው። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ፣ ግን መጀመሪያ የእኔን ልጨርስ።

ሶኬቱ ላይ ሁለት ሽቦ ነበር። ሁለት ሽቦ ሲሆን ነገሩ ንጹሕ ነው፦ አንዱ ከፊውዝ ይመጣል፣ አንዱ ወደ መብራት ይሄዳል። ከፊውዝ የሚመጣው በአብዛኛው መኪና ቁልፉ ቢጠፋም ኃይል አለው፣ ምክንያቱም የፍሬን መብራት ቁልፍ ሳይከፈትም መብራት አለበት። ቴስተሩን መጀመሪያ የሚሠራ መሆኑን በፊውዝ ሳጥኑ ላይ አየሁ። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ማሳ ብላችሁ የያዛችሁት ብረት ቀለም የተቀባ ወይም ፕላስቲክ ላይ የታሰረ ከሆነ ግን ቴስተሩ የትም አያበራም፣ እናንተም ያልተበላሸውን ትፈታላችሁ።

ከዚያ ሶኬቱን ሳልነቅል ከጀርባው፣ ሽቦው በሚገባበት በኩል፣ የቴስተሩን ሹል ጫፍ ቀስ አድርጌ አስገባሁ። ሽቦውን ቀዶ ልባሱን መውጋት አልወድም፣ በዚያች ቀዳዳ በኋላ እርጥበት ይገባል። አንደኛው ሽቦ ላይ አበራ። ሁለተኛው ላይ ጨለማ፤ እስካሁን ትክክል ነው፣ ፔዳሉ አልተረገጠምና። አሁን ፔዳሉን በእጄ ወደ ታች ገፋሁት። ጨለማ። ለቀቅ አድርጌ ደግሜ ገፋሁ። ጨለማ። ስዊቹን በጣቴ መታ ሳደርገው ግን ቴስተሩ ብልጭ አለና ጠፋ። በቃ። ኃይል ይገባል፣ ኃይል አይወጣም፣ ሲመታ ይነቃል፤ ውስጡ ያለው መዳብ ተበልቷል ማለት ነው።

ሁለቱ ሽቦዎች የሚነግሯችሁን እንዲህ ያዙት። በሁለቱም ላይ፣ ተረግጦም ሳይረገጥም፣ ኃይል ከሌለ ስዊቹን ተዉት፣ ችግሩ ከእሱ በፊት ነው። በአንዱ ላይ ሁልጊዜ ኃይል ኖሮ በሌላው ሲረገጥ ካልመጣ ወይ ስዊቹ ነው ወይ አቀማመጡ፤ ፒኑ ሙሉ በሙሉ ሳይለቀቅ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በሁለተኛውም ሲረገጥ ከመጣ ስዊቹ ሥራውን ጨርሷል፣ ጥፋቱ ከእሱ በኋላ ነው። ሁለቱም ላይ ሳይረገጥም ኃይል ካለ ስዊቹ ተጣብቋል፣ ወይም ፒኑን የሚጫነው ነገር የለም። ከእነዚህ አራቱ ውጭ አምስተኛ ስድስተኛ ጥርጣሬ እያወጣችሁ አትጨነቁ።

መልቲሜትር ካላችሁ በዲሲ 20 ቮልት ላይ አድርጋችሁ ተመሳሳዩን ለኩ። ሞተሩ ሳይነሳ ጥሩ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፣ በስዊቹ መግቢያም ከዚያ ብዙ የማያንስ መታየት አለበት። ሜትር ከቴስተር የሚበልጥበት አንድ ቦታ አለ፦ መብራቱ ይበራል ግን ደብዛዛ ነው የሚባል ጊዜ። ያኔ ፔዳሉ ተረግጦ መብራቱ እየበራ አንዱን የሜትር ጫፍ መግቢያው ላይ፣ ሌላውን መውጫው ላይ አድርጉ። ጤነኛ ስዊች ከሆነ የሚያሳየው ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው። ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ካያችሁ ውስጡ እየተቃጠለ ነው፣ ዛሬ ባይሞት ነገ ነው። ቴስተር የሚሸነፍበትም እዚህ ነው፤ የቴስተሩ አምፖል ትንሽ ኃይል ብቻ ስለሚፈልግ የደከመ ስዊችም ያበራለታል።

ለምን ይቃጠላል? ሦስት ባለ 21 ዋት አምፖል አንድ ላይ 5 አምፔር ገደማ ይስባሉ፣ ያ ሁሉ በአሮጌ መኪና በቀጥታ በዚህች ስዊች ያልፋል። በተረገጠና በተለቀቀ ቁጥር መዳቦቹ መሀል ትንሽ ብልጭታ አለ። ከዚህ ላይ ሰው ተጨማሪ የጌጥ መብራት ወይም የተጎታች መብራት በዚሁ መስመር ሲቀጥልበት ዕድሜዋ ያጥራል። ኤልኢዲ ከሆነ እምብዛም አይከብዳትም።

አራት ሽቦ ካገኛችሁ አትደንግጡ፣ ግን ረጋ በሉ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ስዊች አሉ ማለት ነው። አንደኛው እንዳልኩት ለመብራት፣ ሲረገጥ ይገናኛል። ሁለተኛው በተቃራኒው ነው፣ ሳይረገጥ ተገናኝቶ ቆይቶ ሲረገጥ ይለያያል፤ ክሩዝ ኮንትሮሉን የሚያጠፋው እሱ ነው። ኮምፒውተሩ ሁለቱን ያስተያያል። አንዱ ተረግጧል፣ ሌላው አልተረገጠም ካሉት ግራ ይገባውና የቼክ ኢንጂን መብራት ያበራል። ስካነር ስታስገቡ ፒ0504 ካያችሁ የዚህ ዓይነት አለመስማማት ነው፤ ፒ0571ም የፍሬን ስዊችን መስመር ነው የሚያወራው። የፍሬን መብራቱ በደንብ እየበራም እነዚህ ኮዶች ሊመጡ ይችላሉ፣ ስለዚህ መብራቱ ይበራል ብላችሁ ስዊቹን ነፃ አታውጡ። ስካነሩ ቀጥታ ንባብ ካለው የፍሬን ስዊች የሚለውን መስመር ክፈቱና ፔዳሉን ረገጥ ለቀቅ እያደረጋችሁ እዩ፤ ፔዳል ሥር ሳትተኙ መልሱን ታገኛላችሁ። ሴንሰር ባላቸው አዳዲስ መኪኖች ላይ ደግሞ ቴስተር ባታስነኩ ይሻላል፣ ስካነርና ሜትር ይበቃል።

ባለ ሁለት ሽቦ ላይ ጥርጣሬን የሚቆርጥ አንድ ሙከራ አለ። ሶኬቱን ከስዊቹ ነቅላችሁ ሁለቱን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኙ፣ ከተቻለ መሀሉ ላይ ፊውዝ ያለበት ይሁን። መብራቶቹ ከበሩ ከስዊቹ በቀር ሁሉም ደህና ነው። በአራት ሽቦ ላይ ግን ይሄን በግምት አትሞክሩ፣ የማይገናኘውን አገናኝታችሁ ከኮምፒውተሩ ጋር ትጣላላችሁ።

ማርሹ ፒ ላይ ቆልፎ መንገድ ላይ የቀረ ካለ፣ ብዙ መኪኖች ላይ ከማርሹ አጠገብ ትንሽ ክዳን አለች። በቁልፍ ወይም በካቻቢቴ ጫፍ ከፍታችሁ ውስጡ ያለውን ስትጫኑ ማርሹ ይለቃል። የእጅ ፍሬን ይዛችሁ አድርጉት። እና መኪናውን ከመንገድ ለማውጣት ነው እንጂ ለመንዳት አይደለም፤ የፍሬን መብራት ሳይኖር መንዳት ከኋላ ላለው ሰው ወጥመድ ማዘጋጀት ነው።

ስዊቹን ማውጣት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በዳዶ የታሰረ ነው፣ 12 ወይም 14 ቁልፍ ይበቃዋል። ሁለተኛው ሩብ ዙር ሲጠመዘዝ የሚወጣ ነው። ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፣ ክሩ ምን ያህል ወጥቶ እንደነበር በኋላ ትፈልጉታላችሁ። ስታወጡት ሜትሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ በሁለቱ እግሮች መሀል ለኩ። ፒኑ ተለቆ ዜሮ አካባቢ፣ ፒኑን በጣት ስትጫኑ ኦኤል ወይም 1 (አልተገናኘም ማለት ነው)። የእኔው ተለቆም ኦኤል ነው፤ ደጋግሜ ስጫነው አንዴ 3 ኦም፣ አንዴ 40፣ አንዴ ጭራሽ የለም ይላል። ፒኑም ሲገባ ሲወጣ አሸዋ የገባበት ይመስል ይከረክራል። ፈትተው አጽድተው መዳቡን በብርጭቆ ወረቀት አሽተው የሚመልሱ አሉ። ይሠራል፣ ለተወሰነ ጊዜ። እኔ በፍሬን ጉዳይ የተወሰነ ጊዜ የሚባል ነገር አይመቸኝም፣ አዲስ ገጠምኩ።

ሲገጠም ልኩ ላይ ነው ቁም ነገሩ። በዳዶ የሚታሰረውን ፔዳሉ ተለቆ ሳለ ፒኑ እስኪገባ ታጠጉታላችሁ፣ ከዚያ የስዊቹ አካል ከፔዳሉ ክንድ በጣም ትንሽ ክፍተት፣ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ እንዲኖረው መለስ ታደርጉና ዳዶውን ታጠብቃላችሁ። የመኪናው መጽሐፍ ልክ ካስቀመጠ እሱን ያዙ። በጣም ከራቀ መብራቱ አልጠፋም ይላል። በጣም ከቀረበ ደግሞ የባሰ ነው፦ ስዊቹ ፔዳሉን ወደፊት ገፍቶ ይይዘዋል፣ ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ አይመለስም፣ ፍሬኑ እየያዘ ይሄዳል፣ ጎማው ይግላል፣ ሸራው ያልቃል። አንዳንዱ ስዊች ራሱን በራሱ ያስተካክላል፣ ፒኑ ጥርስ አለው፣ ሲገጠም አንዴ ይገባና ልኩን ይይዛል። እሱን ከመግጠማችሁ በፊት ፔዳሉ ተረግጦ ነው ወይስ ተለቆ የሚገጠመው የሚለውን አጣሩ፣ ከመኪና መኪና ይለያያል። አንዴ ልኩ ከተበላሸ ብዙዎቹ ተመልሰው አይስተካከሉም።

አሁን ወደ ፍርፋሪው። ከእኔ ቀጥሎ የአጎቴ ልጅ መኪና መጣች። የእሷ ችግር ግልባጩ ነው፣ ጠዋት ባትሪ የለም። አዲስ ባትሪ ገዝታ እሱም አደረና ሞተ። ማታ ስትቆልፍ የፍሬን መብራቱ በርቶ እንደሚቀር ያየላት ጎረቤት ነው። ስዊቹ ተጣብቋል ብላ አዲስ ይዛ መጣች። ሶኬቱን ስነቅለው መብራቱ ጠፋ፤ ይሄ ችግሩ ስዊቹ ጋ ወይም ፔዳሉ ጋ መሆኑን ያሳያል። ሶኬቱ ተነቅሎም ባይጠፋ ኖሮ የምንፈልገው ሌላ ቦታ የተነካካ ሽቦ ነበር። ከዚያ ስዊቹን ሳልፈታ ፒኑን በጣቴ ጫንኩት፤ ጥሩ አድርጎ ገባ፣ ጥሩ አድርጎ ወጣ። ሶኬቱን መልሼ ፒኑን በጣቴ ስጫን መብራቱ ይጠፋል፣ ስለቅ ይበራል። ስዊቹ ጤነኛ ነው!

ፔዳሉ ክንድ ላይ፣ ልክ ፒኑ ፊት ለፊት፣ ክብ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው ውስጥ መኖር የነበረበት አንድ የፕላስቲክ ቁልፍ ነው፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል፤ ፒኑ የሚያርፈው በእሷ ላይ ነው። ከዓመታት በኋላ ፕላስቲኩ ይደርቅና ይፈረፈራል፣ ቀዳዳው ባዶ ይቀራል፣ ፒኑም በቀዳዳው ውስጥ አልፎ የሚገፋው ያጣል። መኪናው ዘላለም ፍሬን እንደተረገጠ ያስባል። ፍርፋሪው ምንጣፏ ላይ ነበር፣ እሷ የብስኩት መስሏት ጠርጋው ነበር። ሆንዳ፣ ኒሳን፣ ሂዩንዳይ፣ ኪያ ላይ ይሄ በጣም የታወቀ ነው። ለጊዜው ቀዳዳው ውስጥ ብሎን ከነዳዶው አስገብተን አጠበቅን፣ የብሎኑ ራስ ለስላሳና ጠፍጣፋ በሆነበት በኩል ፒኑ እንዲያርፍ አድርገን። በኋላ ትክክለኛዋን ፕላስቲክ አስገባች። ያመጣችው አዲስ ስዊች ከነካርቶኑ ተመለሰ። አዲሱ ተገጥሞ ቢሆን ኖሮ እሱም በዚያው ቀዳዳ ያልፍ ነበር፣ እሷም ስዊቹ ፎርጅድ ነው ትል ነበር።

ሦስተኛው ዓይነት ችግር ሰውን ብዙ የሚያስለፋው ነው። ስዊቹ መውጫ ላይ ሲረገጥ 12 ቮልት ይመጣል፣ አምፖሎቹ ደህና ናቸው፣ መብራቱ ግን ወይ አይበራም ወይ ያብዳል፤ ፍሬን ሲረገጥ የማታው መብራት ፈዘዝ ብሎ ይበራል፣ ፍሬቻው ሲሰጥ የፍሬኑ አብሮ ይርገበገባል። ይሄ ማሳ ነው። ኃይሉ የሚመለስበት መንገድ ሲዘጋበት በሌላው አምፖል በኩል ዞሮ ይመለሳል። ከአምፖሉ ቤት ማሳ ወደ ንጹሕ የመኪና ብረት ጊዜያዊ ሽቦ ዘርጉ፤ ከተስተካከለ የኋላ መብራቱን የማሳ ብሎን ፈትታችሁ ዝገቱን አጽዱና መልሳችሁ እሰሩ። የኋላ በር ወይም ክዳን ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ ሽቦው በማጠፊያው የጎማ ቱቦ ውስጥ በሚያልፍበት ቦታ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ቱቦውን ገልበጥ አድርጋችሁ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ሳብ ሳብ አድርጓቸው፤ የተቆረጠው ይለጠጣል ወይም በእጃችሁ ይቀራል።

ሁሉንም ከጨረሳችሁ በኋላ ፔዳሉን በጣም ቀስ አድርጋችሁ ወደ ታች ግፉ፣ መብራቱ ገና በመጀመሪያዋ ትንሽ እንቅስቃሴ መብራት አለበት። ስትለቁ ወዲያው ይጥፋ። ክሩዝ ኮንትሮል ካለ አንዴ አስይዛችሁ ፍሬን ስትነኩ መልቀቁን እዩ። ትንሽ ነድታችሁ ስትመለሱ እጃችሁን ወደ ጎማዎቹ ብረት ጠጋ አድርጉ፣ ሳይነኩ፤ አራቱም ከመጠን በላይ የሚያተኩሱ ከሆነ ስዊቹን አንድ ሩብ ዙር ወደ ኋላ መልሱት።